ታክስ ሠሪውና ውሉ፦ ከጄፒ ሱቆች እስከ ሳርስ ቢሮ



በጆሃንስበርግ መሀል ከተማ፣ ጄፒ እያልን በምንጠራው ሠፈር፣ ከነጋዴ ወገኖቻችን አንደበት ደጋግሜ የምሰማው አንድ አባባል አለ፦ «የምንተዋወቅ ሰዎች ውል ምን ያደርግልናል?» አባባሉ ክፋት የለውም። እቁቡም ዕድሩም የቆመው በዚሁ መተማመን ላይ ነው። ችግሩ የሚመጣው አባባሉ ከእቁብ ቤት ወጥቶ ወደ ታክስ ሥራ ሲገባ ነው። በታክስ ጉዳይ ሦስተኛ ወገን አለ፤ እሱም መንግሥት ነው። መንግሥት ደግሞ እኛ እንዴት እንደምንተዋወቅ አያውቅም፣ ማወቅም አይጠበቅበትም።

እኔ መሐንዲስ እንጂ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በውል የምሠራ፣ ሌሎችንም በውል የማሠራ ሰው ስለሆንኩ፣ ከሥራ መልስ ማታ ማታ የዚህን አገር የታክስና የሠራተኛ ሕግ እያገላበጥኩ ማንበብ ልማዴ ሆኗል። ዛሬ ላነሣው የፈለግኩት ጥያቄ ይህ ነው፦ የሱቃችንን ታክስ «በግሉ የሚሠራ ባለሙያ» ብለን ለምናሠራው ሰው የምንሰጠው ውል ምን መምሰል አለበት? ውሉ ሲጎድልስ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል? (በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ለምን ዛሬ?

የጄፒ ጎዳና በ2014 ስሙ ተለውጦ ራሂማ ሙሳ ከተባለ ቆይቷል፤ እኛ ግን የድሮውን ስም አልተውነውም። ከዚያ ጎዳናና ከዴልቨርስ አካባቢ ሕንጻዎች የሚወጣው ዕቃ በየሎኬሽኑ ላሉ ሱቆች ይሠራጫል። በነሐሴ 2019 ፖሊስና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች በመሀል ከተማው ባደረጉት አሰሳ ከ500 በላይ ሰዎች መታሰራቸው ይታወሳል። ከዚያም በ2024 መጨረሻ በሶዌቶ ናለዲ ስድስት ሕጻናት በመርዝ ከሞቱ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎዛ ኅዳር ላይ በሰጡት ትእዛዝ የሎኬሽን ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ ተወሰነ። ቀነ ገደቡ በኋላ እስከ የካቲት 28 ቀን 2025 ተራዘመ።

ለምዝገባው ከሚጠየቁት ወረቀቶች አንዱ በሳርስ፣ ማለትም በደቡብ አፍሪካ የገቢዎች አገልግሎት መመዝገብ ነው። እናም ለዓመታት ከታክስ ወረቀት ርቆ የኖረ ሰው ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ «ወረቀት የሚሠራልኝ ሰው» ፍለጋ ወጣ። ፈላጊ ሲበዛ ሠሪም ይበዛል። ከሠሪዎቹ መካከል እውነተኛ ባለሙያዎች አሉ፤ ኮምፒውተር መክፈት ስለቻሉ ብቻ ባለሙያ የሆኑም አሉ። ከሁለቱም ጋር የተደረገው ስምምነት ግን በአብዛኛው የቃል ነው።

ታክስ ሠሪ ማን ነው?

የደቡብ አፍሪካ የታክስ አስተዳደር ሕግ የ2011 ቁጥር 28 ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው ከጥቅምት 1 ቀን 2012 ጀምሮ ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 240 የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ገንዘብ ተቀብሎ ለሌላ ሰው የታክስ ምክር የሚሰጥ ወይም የታክስ ማስታወቂያ የሚሞላ ሰው፣ በታወቀ የሙያ ማኅበር አባልነትና በሳርስ መዝገብ መመዝገብ አለበት። የተመዘገበ ሰው «ፒአር» በሚል የሚጀምር ቁጥር ይሰጠዋል። ሳይመዘገብ የሠራ በገንዘብ ወይም እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ እስራት ሊቀጣ ይችላል። ባለፉት አምስት ዓመታት በስርቆት ወይም በማጭበርበር የተፈረደበት ሰው መመዝገብ አይችልም።

ሕጉ ጥቂት ሰዎችን ከምዝገባ ነጻ ያደርጋል። ያለ ክፍያ የሚያግዝ ዘመድ አንዱ ነው። በተመዘገበ ባለሙያ ቀጥተኛ ቁጥጥር ሥር የሚሠራ ሌላው ነው። ለጉዳያችን ዋናው ግን ሦስተኛው ነው፦ በሙሉ ጊዜ ተቀጥሮ የአሠሪውን ብቻ ታክስ የሚሠራ ሠራተኛ መመዝገብ አይጠበቅበትም። ስለዚህ ታክስ የሚሠራልን ሰው ተቀጣሪ ነው ወይስ በግሉ የሚሠራ የሚለው ጥያቄ የስም ጉዳይ አይደለም። በግሉ የሚሠራ ከሆነ ምዝገባ የግድ ነው፤ ተቀጣሪ ከሆነ ደግሞ የተቀጣሪ መብት አለው።

ታዲያ ብዙ ጊዜ የምናየው ምንድን ነው? ሳርስ «ይህ ሰው ተመዝግቧል?» ብሎ ሲጠይቅ «የኔ ሠራተኛ ነው» እንላለን። ሠራተኛው የዓመት ፈቃድና የሕመም ዕረፍት ሲጠይቅ ደግሞ «አንተ እኮ በግልህ የምትሠራ ነህ» እንለዋለን። አንድን ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ማድረግ አይቻልም። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች አንድ ቀን ወረቀታቸውን ጎን ለጎን ያስቀመጡ እንደሆነ፣ ሁለት ታሪክ የተናገረው ነጋዴ በሁለቱም ዘንድ ተሸናፊ ነው።

ሕግ የሚያየው ስሙን ነው ወይስ ሥራውን?

ለመሆኑ ውሉ ላይ «በግሉ የሚሠራ ባለሙያ» ብሎ መጻፍ ይበቃል? አይበቃም። የደቡብ አፍሪካ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ በ2002 በተጨመረለት አንቀጽ 200ሀ መሠረት፣ የውሉ መልክ ምንም ይሁን ምን፣ ከሰባት ምልክቶች አንዱ እንኳን ከተገኘ ሰውየው ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ተቀጣሪ ተብሎ ይገመታል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ የሥራው አካሄድ በአሠሪው ትእዛዝ ሥር መሆኑ፤ የሥራ ሰዓቱን አሠሪው መወሰኑ፤ ሰውየው የድርጅቱ አካል ሆኖ መሥራቱ፤ ባለፉት ሦስት ወራት በአማካይ በወር ቢያንስ 40 ሰዓት መሥራቱ፤ ኑሮው በዚያ አሠሪ ላይ ጥገኛ መሆኑ፤ የሥራ መሣሪያውን አሠሪው ማቅረቡ፤ ለአንድ ሰው ብቻ መሥራቱ። ይህ ግምት የሚሠራው ገቢያቸው በሚኒስትሩ ከሚወሰነው ጣሪያ በታች ለሆኑ ሰዎች ነው። ጣሪያው ከሚያዝያ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በዓመት 261,748.45 ራንድ ሆኖ ነበር።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ ከአገር ቤት በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ የመጣ ወጣት አለ እንበል። በአንድ የብርድ ልብስ ጅምላ ሻጭ ሱቅ ጀርባ፣ በሱቁ ኮምፒውተር፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ይቀመጣል። ደረሰኝ ይሰበስባል፣ የቫት ማስታወቂያ ይሞላል። ለሌላ ሰው አይሠራም። ይህን ልጅ በሰባቱ ምልክቶች ብንለካው ሰባቱንም ያሟላል። ወረቀቱ ላይ የፈለግነውን ስም ብንሰጠው ልጁ ተቀጣሪ ነው፤ በዓመት ቢያንስ 21 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይገባዋል፣ ያለ አግባብ ቢባረርም በ30 ቀን ውስጥ ወደ ሲሲኤምኤ ሄዶ ያለ ክፍያ መክሰስ ይችላል። «ወረቀቱ ስላላለቀ መብት የለውም» የሚል ካለም ተሳስቷል። የሠራተኛ ፍርድ ቤቱ በ2008 በዲስከቨሪ ኸልዝ ጉዳይ፣ የሥራ ፈቃዱ ያለፈበት የውጭ ዜጋም ቢሆን የተቀጣሪ ጥበቃ እንዳለው ወስኗል።

የገቢ ግብር ሕጉ ደግሞ የራሱ መመዘኛ አለው። ሥራው በአብዛኛው በአሠሪው ቦታ የሚከናወን ከሆነና አካሄዱ ወይም ሰዓቱ በአሠሪው ቁጥጥር ሥር ከሆነ፣ ሰውየው በግሉ እንደሚሠራ አይቆጠርም፤ በዓመቱ ውስጥ ዘመዶቹ ያልሆኑ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ያሉት ከሆነ ግን ይቆጠራል። በግሉ እንደሚሠራ ካልተቆጠረ ከክፍያው ላይ በየወሩ ግብር ቀንሶ ለሳርስ ማስገባት የአሠሪው ግዴታ ነው። ሳይቀንስ የከፈለ አሠሪ ያልቀነሰውን ከኪሱ እንዲከፍል ይጠየቃል፤ 10 በመቶ መቀጫና ወለድም ይከተላል።

ይህ የደቡብ አፍሪካ ብቻ ጣጣ አይደለም። በአሜሪካ ያላችሁ አንባብያን የ1099 ወረቀትን ታውቃላችሁ። ማይክሮሶፍት በግላቸው የሚሠሩ ናቸው ብሎ ለዓመታት ያሠራቸው ሰዎች ከስሰውት፣ በ2000 በ97 ሚሊዮን ዶላር ለመስማማት ተገዷል። በእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የካቲት 2021 የኡበር ሹፌሮችን ጉዳይ ሲወስን ከጽሑፉ ይልቅ የሥራውን እውነታ ተመልክቷል። ትልቁ ኩባንያ በጠበቆቹ ብዛት ያላመለጠውን፣ የጄፒ ሱቅ በቃል ስምምነት ያመልጣል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ዕዳው በማን ይወጣል?

ነጋዴው ብዙ ጊዜ «ታክሱን ለእገሌ ሰጥቻለሁ» ይላል። ሥራው ይሰጣል፤ ኃላፊነቱ ግን አይሰጥም። በዚህ አገር ሕግ በታክስ ማስታወቂያው ላይ የፈረመ ሰው በውስጡ ያለውን እንደሚያውቅ ይቆጠራል። ወጪዬ ነው ወይም ግብር የማይከፈልበት ገቢ ነው የሚል ሰው ማስረዳት ያለበት እሱ ራሱ ነው። ሰነዱንም አምስት ዓመት ማቆየት አለበት።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ባለሙያ ያልሆነው ሰው በወር 500 ራንድ፣ በዓመት 6,000 ራንድ ይጠይቃል እንበል። የተመዘገበው ባለሙያ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 18,000 ራንድ ቢጠይቅ፣ በርካሹ ሰው ያተረፍነው 12,000 ራንድ ነው። ርካሹ ሰው ባጠፋው ጥፋት 100,000 ራንድ ታክስ ጎደለ እንበል። በሕጉ አንቀጽ 223 ሠንጠረዥ መሠረት፣ ተገቢ ጥንቃቄ ላልተደረገበት ጉድለት ለመጀመሪያ ጊዜ 25 በመቶ ቅጣት አለ። ከባድ ቸልተኝነት ከሆነ 100 በመቶ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ስወራ ከሆነ 150 በመቶ፣ ስወራው የተደጋገመ ከሆነ 200 በመቶ ይደርሳል። ዋናው ታክስና ወለዱ ሳይጨመሩ፣ ቅጣቱ ብቻ ከ25,000 እስከ 200,000 ራንድ ማለት ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ብዙዎቻችን የኢ-ፋይሊንግ መግቢያችንን ከነምስጢር ቁጥሩ ለታክስ ሠሪው እንሰጣለን። መግቢያውን የያዘ ሰው የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ለውጦ ተመላሹን ገንዘብ ወደ ራሱ መላክ ይችላል። የኢ-ፋይሊንግ መግቢያ ነጠቃ በአገሩ ተስፋፍቶ የታክስ ዕንባ ጠባቂው ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን እንደ ሥርዓት ችግር እስከ መመርመር ደርሷል። ሕጋዊው መንገድ ባለሙያው በራሱ መግቢያ ገብቶ እርስዎ በሰጡት ፈቃድ ልክ የሚሠራበት ነው።

ሳርስም ከዚህ ፈተና አላመለጠም

ፍርዱን በነጋዴው ላይ ብቻ እንዳንጭን፣ ግብር ሰብሳቢው ራሱ በውል ሥራ ምን እንደደረሰበት ማስታወስ ይገባል። በ2014 ቶም ሞያኔ የሳርስ ኮሚሽነር ሆነው ተሾሙ። በ2015 ቤይን የተባለው ዓለም አቀፍ አማካሪ ኩባንያ የመሥሪያ ቤቱን አደረጃጀት እንዲያጠና ውል ተሰጠው። ክፍያው በመጨረሻ 164 ሚሊዮን ራንድ ገደማ ደረሰ። በአዲሱ አደረጃጀት ትልልቅ ኩባንያዎችን የሚከታተለው ማዕከል ፈረሰ፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ከሥራቸው ተገፉ። በ2018 በጡረታ ላይ በነበሩት ዳኛ ሮበርት ኑጀንት የተመራው አጣሪ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ ሪፖርቱን በታኅሣሥ አቀረበ፤ የግዥው ሂደት ሕግ የተከተለ እንዳልነበረና መሥሪያ ቤቱ ክፉኛ እንደተጎዳ አረጋገጠ። ሞያኔ ኅዳር 1 ቀን 2018 ተሰናበቱ። ቤይን የተቀበለውን ከነወለዱ መለሰ፣ በ2022ም የአገሪቱ ግምጃ ቤት ለአሥር ዓመት ከመንግሥት ሥራ አገደው።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሳርስ የተጻፈ ውል፣ ማኅተምና ፊርማ ነበረው። የጎደለው ግን የሥራው ወሰን፣ የክፍያው ገደብና የሚቆጣጠር ዓይን ነው። ስለዚህ «ውል ይኑር» ማለት ብቻውን አይበቃም። ውሉ ሥራው የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ማን ማንን እንደሚጠይቅ መናገር አለበት። በእኛ ሙያም ድልድይ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው የሠራው የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ነው። መጋጠሚያው የማን እንደሆነ በሥዕሉ ላይ ካልተጻፈ ሁለቱም «የኔ አይደለም» ይላሉ።

ልማዳችን ከየት መጣ?

ከዚህ አገር ነጋዴ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ከሐዲያና ከከምባታ አካባቢ የመጡ ናቸው። አገር ቤት አነስተኛ ነጋዴ የሚያውቀው ግብር የግምት ግብር ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ የደረጃ «ሐ» ነጋዴ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም፤ ገማች መጥቶ ይገምታል፣ ነጋዴው ይከራከራል፣ ይለምናል፣ ይከፍላል። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የቀን ገቢ ግምቱ ሲወጣ በየከተማው ሱቆች የተዘጉት ሕዝቡ በግምቱ ስለተቆጣ ነበር። በዚህ ልምድ ያደገ ሰው ታክስን የሚያየው ከአንድ ሹም ጋር እንደሚደረግ ድርድር ነው፤ ስለዚህ የሚፈልገው ተደራዳሪ ሰው ነው።

እዚህ ግን የሚናገረው ነጋዴው ራሱ ነው። ገቢህን አንተ ታስታውቃለህ፣ መንግሥት በኋላ መጥቶ ያጣራል። ለዚህ የሚያስፈልገው መዝገብ የሚይዝ ሰው እንጂ ሹም የሚያውቅ ሰው አይደለም። «በሳርስ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ታክስ ሠሪ ካጋጠመዎ ሽሹት። ውል ደግሞ ባዕድ ነገር አይደለም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹ ተፈርሞ በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ያዝዛል። ለቤት ሽያጭ ሽማግሌ ጠርተን የምንፈርም ሰዎች ለታክሳችን የምንሰንፍበት ምክንያት የለም።

ታዲያ ውሉ ምን ይበል?

ሁለት ገጽ ይበቃል። አንደኛ፣ የባለሙያው ስም፣ የሙያ ማኅበሩና የፒአር ቁጥሩ ይጻፍ፤ ከመፈረም በፊትም ቁጥሩ በሳርስ ድረ ገጽ ይጣራ። ሁለተኛ፣ ሥራው ይዘርዘር፦ ቫት ነው? የገቢ ግብር ነው? የሠራተኞች ግብር ነው? ማስታወቂያው የሚገባበት ቀንም ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ነጋዴው ደረሰኙንና የባንክ መግለጫውን በየትኛው ቀን እንደሚያስረክብ ይወሰን፤ ካላስረከበ ባለሙያው ሊወቀስ አይገባም። አራተኛ፣ ክፍያው የተቆረጠ ይሁን። ከተመላሹ ገንዘብ በመቶኛ የሚከፈለው ሰው ተመላሹን ለማሳበጥ ይፈተናል፤ ያበጠው ሲፈነዳ ግን ቅጣቱ የነጋዴው ነው። አምስተኛ፣ በባለሙያው ስህተት ለመጣ ቅጣት ማን እንደሚከፍል፣ ሳርስ ላይ ተቃውሞ ማን በስንት ቀን እንደሚያቀርብ ይጻፍ፤ ከመጋቢት 2023 ጀምሮ የተቃውሞ ጊዜው 80 የሥራ ቀን ነው። ስድስተኛ፣ ሰነዱ የነጋዴው ንብረት መሆኑና ውሉ ሲቋረጥ በስንት ቀን እንደሚመለስ ይገለጽ። ሰባተኛ፣ የሠራተኞች መታወቂያና ደመወዝ በባለሙያው እጅ ስለሚገባ የምስጢር ጥበቃ ይካተት፤ የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉ፣ ፖፒያ የሚባለው፣ ይህ በጽሑፍ ውል እንዲሆን በግልጽ ያዝዛል።

ስምንተኛውና የመጨረሻው፣ ሰውየው በእውነት በግሉ የሚሠራ ከሆነ ኑሮውም ይህን ይምሰል። የራሱ ቢሮ፣ የራሱ ኮምፒውተር፣ ሌሎች ደንበኞች ይኑሩት፤ ሰዓቱን ራሱ ይወስን። ካልሆነ በቅንነት ቀጥረን የተቀጣሪ ውል እንስጠው።

«ይህ ሁሉ ወጪ ነው» የሚል ይኖራል። አዎን፣ ወጪ ነው። ግን ትንንሽ ሱቆች ተሰባስበው አንድ የተመዘገበ ባለሙያ በጋራ ቢይዙና ወጣት ተመራቂዎቻችን በእሱ ቁጥጥር ሥር ቢሠሩ ሕጉ ይፈቅዳል። አሥር ሱቆች የሚካፈሉት ዋጋ ዛሬ ለየብቻ ከሚከፈለው ብዙም ላይርቅ ይችላል፤ ወጣቶቹም ሙያውን በሕጋዊ መንገድ ይማራሉ፣ ከዓመታት በኋላ የራሳቸውን ቁጥር ያገኛሉ። እቁብ የሚጥል ሕዝብ ይህን ማደራጀት አያቅተውም።

«ወረቀት ውስጥ ስሜ ከገባ ኢሚግሬሽን ያገኘኛል» የሚለውም ፍርሃት መሠረተ ቢስ ነው አልልም፤ በዚህ አገር ስደተኛ ሆኖ መፍራት ምክንያት አለው። ነገር ግን የግብር ከፋይን መረጃ በምስጢር መያዝ የሳርስ የሕግ ግዴታ ነው፤ ምስጢሩ የሚከፈተውም ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። በሌላ ሰው ስም ወይም በሐሰት ሰነድ የተሞላ የታክስ ማስታወቂያ ግን ማንንም አይሸሽግም። በድንጋጤ ቀን፣ ፖሊስ በር ላይ ሲቆም፣ እውነተኛ መዝገብና የተፈረመ ውል ያለው ነጋዴ ቢያንስ የሚያሳየው ነገር አለው።

ወገኖቼ፣ መተማመናችንን እንተው አላልኩም። መተማመኑ ወረቀት ላይ ይስፈር ነው ያልኩት። የሚተማመኑ ሰዎች ለመፈረም አይፈሩም፤ ልፈርም ሲባል የሚሸሽ ካለ ግን ሳይመሽ ማወቁ ይሻላል።

ቸር እንሰንብት።